የመዳፌ ቁጥር

ምሁሩ መነጽሩን በመሀረብ ወልውሎ፣
«የዚህ ልብ ወለድ ሥሩ ከወዴት ነው?» ብሎ፣
ከግሪክ ፈላስፋ አንድ ክር ይመዛል፣
ያንኑ ክር ይዞ ባሕር ተሻግሮ ይጓዛል።
የታለሙ ከተሞች፣ ያልተሠሩ አገሮች
በጠመኔ ተርታ ሰሌዳው ላይ ሰፍረዋል፤
አዳራሹ በሙሉ አጎንብሶ ይጽፋል።
እኔ ከኋላ ነኝ፣ ማሞቂያው ጥግ አለሁ፤
ካፖርቴን አላወለቅሁም፤ ግላፊራ እባላለሁ፤
ቀኝ መዳፌን ዘርግቼ ዝም ብዬ አያለሁ።

ሥሩ እዚህ ነበር።

ፔትሮግራድ ነው ያኔ፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር፣
ጀንበር በዘጠኝ ሰዓት በረዶ ውስጥ የምትቀበር፤
የጎረቤት ፒያኖ ለምድጃ ተፈልጦ
እግሩ ሲነድ አንዳንዴ ክሩ ይጮኽ ነበር።

ሰልፉ ሳይነጋ ነው። አንዲት ሴት ትመጣለች፣
የቀለም እርሳሷን በምራቋ ታረጥባለች፣
በየመዳፋችን ቁጥር ትጽፋለች።
ሦስት መቶ ዐሥራ ሰባት፣ እሱ ነው የኔ ዕጣ፤
«ስምሽ ማነው?» የሚል አንድም ሰው አልመጣ።
ቁጥሩ ከለቀቀ ዳቦውም ይርቃል፤
እጅ እንደማይታጠቡ ሕፃኑም ያውቃል።

ኡስቲንያ፣ ከፊቴ የምትቆመው፣
የልጇ ወሬ ደርሷት አንድ ማለዳ አለቀሰች፤
እንባዋን፣ ሳታስበው፣ በመዳፏ አበሰች።
ጉንጯ ሐምራዊ ሆነ።
«ቁጥርሽ የታለ?» አሏት። እጇን ዘረጋች፣ ባዶ።
ሄደች ወደ ሰልፉ ጅራት፣ በበረዶ ላይ በረዶ።
ከኋላዋ የነበርን
አንድ እርምጃ ተጠጋን።
እኔም ተጠጋሁ።

ማታ ማታ ደግሞ በታይፕ እመታለሁ
ለኒካንድር፣ ለዚያ የወደብ ሰው፣
ነፋስና ደመና ሲመዘግብ ለኖረው።
ለአንድ ምዕራፍ ሁለት የበረደ ድንች ነው ክፍያው።
ከተማ አለች ይላል፣ እየሳለ፣
ደመና ፈቃድ ካልያዘ በላይዋ የማያልፍባት፣
ቃል እንደ ስኳር በግራም የሚታደልባት፣
በእንቅልፉ የቃዠ ሰው ጠዋት ዕዳ ያለበት።
ማሽኔ አሮጌ ናት፤ አዋጅ የሻራት ፊደል
ከጥርሶቿ መሀል አንዲቷ ቀርታለች፤
ድምፅ የላትም እሷ፣ ከቃል ደጃፍ ቆማ
እንደ ደጅ ጠኚ ሰው ዝም ብቻ ትላለች።
መርከበኞች በከረጢት ከየማተሚያ ቤቱ
እኅቶቿን ሲለቅሙ የኔን ረስተዋታል።
ጣቴ ልማድ አለው፤ ሳላዝዘው ይመታታል።

በሦስተኛው ምዕራፍ እንዲህ ሲል ሰማሁት፦
«ሦስት መቶ ዐሥራ ሰባት ከእንቅልፏ ነቃች።»
እጄ ቆመ።
ድንቹን ስቀበለው መዳፌን አይቶ ነው።
«ምን ትሆናለች?» አልኩት።
በመስኮት ሰማዩን አየ፣ እንደ ድሮ ሥራው።
«እኔ ምን አውቄ? ነገ ከሰልፉ ስትመለሺ ንገሪኝ።»

ነገርኩት።
የነገውን፣ የከነገ ወዲያውን፣ የኡስቲንያን እንባ ነገርኩት፤
የራሴን አንድ እርምጃ ግን ዋጥኩት።
መጽሐፉ ውስጥም የለች።

ከዚያማ ታገደ። ኒካንድርም በሳሉ ሄደ።
የካርቦኑን ቅጂ ከባሮሜትሩ ጀርባ ወተፍኩት፤
መርፌው ተቀርቅሮ ስልሳ ስምንት ዓመት
«ዝናብ» ሲል ኖረ፣ በጋም ክረምትም።

አሁን ታትሟል፤ ሽፋኑ ያብረቀርቃል፤
ድምፅ የለሿን ፊደል አራሚው ለቅሞ ጥሏታል፤
ምሁሩም ስለ ግሪኩ ተናግሮ ጨርሷል።
ገዢው ተሰልፏል። አንዲት ልጅ፣ እስክሪብቶ በእጇ፣
«እማማ፣ መዳፍዎን» አለችኝ፣ በትሕትና፣
አርባ አንድ ብላ ጻፈችልኝ።
ስሜን ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤
ወደ አርባ ሁለት አልፋለች።

ቤቴ ስገባ አጥበዋለሁ፣ በሙቅ ውኃ፣ እስኪለቅ።
ሳሙናም ግን በኩፖን ነው ዘንድሮ።